የሙዚቃ ልኩ በማን ጆሮ ነው?

ለዓይን ቆብ ተሰጥቶታል፤ ለጆሮ ግን አልተሰጠውም። ሰው ሊያየው ያልፈቀደውን ነገር ፊቱን በማዞር ወይም ዓይኑን በመክደን ሊያመልጠው ይችላል፤ ሊሰማው ያልፈቀደውን ግን በተኛበት እንኳ ሳይቀር እንዲሰማው ይገደዳል። እንግዲህ በቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚያሰማ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ክዳን ለሌላቸው ጆሮዎች ሁሉ ያሰማል ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ «በቤቴ ውስጥ ሙዚቃን ምን ያህል ከፍ አድርጌ ልስማ?» የሚለው ጥያቄ፣ በመጀመሪያ ሲሰሙት እጅግ ተራና ለመጽሔት ገጽ የማይበቃ ቢመስልም፣ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይህንንም የተረዳሁት በንባብ ሳይሆን በቤቴ በደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ አንባቢ ይታገሠኝና ታሪኩን ከመነሻው ላጫውተው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ በ3ኛው ፎቅ ላይ ነው። የቤቶቹ መለያ ግድግዳ በብሎኬት የተሠራ፣ ብሎኬቱም ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ደጅ መውጣት አያስፈልግም። ከ4 ዓመት በፊት እናቴ ከዚህ ዓለም በሞት ስትለይ፣ አባቴን ከኮምቦልቻ አምጥቼ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር እንዲኖሩ አደረግሁ። አባቴ በሥራቸው ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የአሰብ ወደብ ለአገራችን ያገለግል በነበረበት ጊዜ፣ ማለት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። ሞተሩ ከፊታቸው፣ የተከፈተው መስኮት ከግራቸው ሆኖ ያን በረሃ ለብዙ ዓመታት ስላቋረጡት፣ ዛሬ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ደክመዋል፤ የግራው ግን ከቀኙ ይብሳል። ቤት ከዋሉ ወዲህ የቀራቸው ደስታ ሙዚቃ ነው። በአዘቦት የጥላሁን ገሠሠን ዘፈንና የአስናቀች ወርቁን ክራር፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በገና ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡትም፣ ጆሮአቸው እንደ ነገርኳችሁ ስለ ሆነ፣ ቁልፉን እስከ ጫፍ አዙረው ነው።

በዚያው ፎቅ፣ ከሳሎናችን ግድግዳ ማዶ፣ በሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ ትኖራለች። አብዛኛውን ጊዜ ተራዋ ሌሊት ስለሚሆን የምትተኛው ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬን አንኳኳች። ዓይኖችዋ ደም መስለዋል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባን ደስታቸውን ልከለክል አይደለም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርሁት፤ ዛሬም ማታ ገቢ ነኝ» አለችኝ። እኔም «ሲስተር፣ ይቅርታው የእኛ ነው፤ ከእንግዲህ አይደገምም» ብዬ ሸኘኋት። አፍሬ ነበርና የሠራሁትን ሥራ ሳላስብ ሠራሁት። በማግሥቱ የድምፁን ቁልፍ ከግማሽ በታች አወረድሁና ለአባቴ «ከፍ ሲል ስፒከሩ ይቃጠላል ብለውኛል» ስል ዋሸኋቸው። አባቴ ምንም አልመለሱልኝም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቢሮ ቀደም ብዬ ተመለስሁ። አባቴ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ወደ ፊት አጎንብሰው፣ ቀኝ ጆሮአቸውን ወደ ራዲዮው አዙረው፣ እጃቸውን ከጆሮአቸው ኋላ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ፈጥነው ተደገፉና እንደ ተመቸው ሰው እግራቸውን ዘረጉ። «ይሰማዎታል አባባ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አዎን፣ ደኅና ይሰማኛል፤ ደስ የሚል ዜማ ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት ከራዲዮው የሚወጣው ዜማ አልነበረም፤ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለአንዲት ሠራተኛ እንቅልፍዋን መለስሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ከአንዱ ወስጄ ለሌላው ሰጥቼ፣ በዚያውም ላይ የወሰድሁበትን ሰው ያልተወሰደበት መስሎ እንዲታይ አስገድጄዋለሁ። ታዲያ በደለኛው ማነው? አዛውንቱ እንዳይባል፣ ጆሮአቸውን ያደከመው እኛን ያበላ ሥራ ነው። ነርስዋ እንዳትባል፣ የጠየቀችው ማንም ሰው የማይነፈገውን እንቅልፍ ነው። ሁለቱም እውነት ይዘው፣ በመካከላቸው ያለው አንድ ቁልፍ ነው።

ድሮ ይህ ቁልፍ አልነበረም። ክራሩም ማሲንቆውም የሚሰማው የተጫዋቹ ክንድና ጉሮሮ በቻለው ልክ ነበርና፣ አድማጭ ቢፈልግ ይጠጋል፣ ቢሰለች ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ላይ ያስቀረጸችውን ድምፅዋን ለዳግማዊ ምኒልክ በላከች ጊዜ እንኳ፣ የፎኖግራፉ መለከት በተፈጥሮው ከሚሰጠው ድምፅ በላይ እንዲሰጥ የሚያዝዝ ቁልፍ አልነበረውም፤ ድምፁን ለማሳነስ የፈለገ ሰው በመለከቱ ውስጥ ጨርቅ ይወትፍ ነበር። ኤሌክትሪክ መጥቶ ድምፅን ከተጫዋቹ ክንድ ነጥቆ በአድማጩ ጣት ሥር ካዋለው ወዲህ ግን፣ ልክን መወሰን የእያንዳንዳችን ፋንታ ሆነ። ሥልጣን ባለበት ሁሉ ጥያቄ አለና፣ በአንድ ትንሽ ቁልፍ ላይ ያለ ሥልጣንም ጥያቄ ይዞ መጣ።

በዚህ ጉዳይ ከተናገሩት ፈላስፎች ሁሉ የሚቀርበን የኮኒግስበርጉ ኢማኑኤል ካንት ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ፍርድ ችሎታ ባሳተመው መጽሐፍ ሙዚቃን ከሥነ ጥበባት ሁሉ ጨዋነት የሚጎድላት ይላታል። ምክንያቱም ሥዕልን ማየት ያልፈለገ ዓይኑን ይመልሳል፤ ሙዚቃ ግን ሳትጠራ ወደ ጎረቤት ትገባለች። ሽቶ የረጨበትን መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ሳይወዱ እንዲያሸቱ ከሚያስገድድ ሰው ጋር ያመሳስላታል። ይህ ሐሳብ በባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1784 ካንት አዲስ ቤት ሲገባ ቤቱ ለእስር ቤት ቅርብ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የእስረኞቹ የመዝሙር ጩኸት ሥራ አላሠራ ብሎት፣ የከተማይቱ ከንቲባ ለነበረው ወዳጁ በደብዳቤ እስከ ማመልከት ደርሷል።

ይህን በተረዳሁ ጊዜ በመጀመሪያ «እንግዲህ ሲስተር ጠበቃ አገኘች» አልሁ። ነገር ግን እያሰብሁት ስሄድ ካንት የተናገረው በአንድ ወገን ብቻ ቆሞ እንደ ሆነ ታየኝ። የሚረበሸውን ሰው ያውቀዋል፤ ራሱ ነውና። እስረኛው ግን ለምን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚዘምር ለመጠየቅ ከግድግዳው ማዶ አልተሻገረም። ታላቅ ፈላስፋ ነው፤ ጎረቤትነቱን ግን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ያማከርሁት አሪስቶትል ነው። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ መካከለኛው ልክ በቁጥር የሚገኝ አይደለም ይላል። 10 ምናን ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ለሁሉም 6 ምናን ይዘዝ ማለት አይደለም፤ 6 ምናን ለታጋዩ ለሚሎን ጥቂት፣ ትግልን ዛሬ ለጀመረ ልጅ ግን ብዙ ነውና። እንግዲህ በዚህ ሕግ ለአባቴ ጆሮ ከፍ ያለው ልክ ነው፤ ለእኔም ዝቅ ያለው ልክ ነው። ግን ከዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የሚሎን ምግብ ከሚሎን ሆድ ውጭ አይሄድም። ድምፅ ግን እንደ ወጥ ነው። ባንድ ድስት ተሠርቶ ለሁሉ ይቀርባልና፣ በርበሬው ለአዋቂው በልኩ ሲሆን ሕፃኑን ያቃጥለዋል። ለወጡስ ለልጆች አልጫ ለይቶ መሥራት ይቻላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አልጫ ድምፅና ቀይ ድምፅ ለይቶ ማቅረብ ግን አልተቻለም።

«የጆሮ ማዳመጫ አለ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ገዝቼ አምጥቼ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ሞክረውት «ሙዚቃ ብቻዬን ልበላ ነው እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ለእሳቸው ዘፈን ማለት «ይህን ሰማህ?» ብለው ወደ ጎናቸው የሚዞሩበት ነገር ነው። ደግሞም ለወጣቶች ልናገር፤ ማዳመጫው ጎረቤትን ያድናል እንጂ ባለቤቱን አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ልክ በሳምንት 40 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ያህል ናቸው፤ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ስለ ጆሮ ከተማርሁት ሁሉ ይልቅ ሕሊናዬን የነካው ግን ሌላ ነው። አባቴን ብዙ ጊዜ በልቤ አምቼአቸዋለሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩአቸው «አይሰማኝም» ይላሉ፤ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉላቸው ደግሞ «ምነው ትጮሁብኛላችሁ!» ብለው ይቆጣሉ። የእርጅና ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ለካ የተጎዳ ጆሮ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም፤ ድምፁ ጥቂት ከፍ ሲል ግን ከጤነኛው ጆሮ ይልቅ ፈጥኖ ይሞላበታል። በሚሰማና በሚያምም መካከል ያለው ስፍራ ጠቦበታል። እንደዚሁም አንድ ጊዜ በጾም ቁልፉን ዝቅ ባደረግሁ ጊዜ «መዝሙሩ አለ፣ በገናው ግን ጠፋ» ብለውኝ ነበር። ይህንም ሰበብ መስሎኝ ሰምቼ አለፍሁት። ነገር ግን ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ድምፅ በአጠቃላይ ዝቅ ሲል ለጆሮ ቀድሞ የሚጠፋው ጥልቁና ወፍራሙ ነው። የበገና 10 አውታሮች ደግሞ የሚናገሩት በዚያ ጥልቅ ስፍራ ነው። አባቴ እውነታቸውን ነበር። የሚያወሩት ስለ ሰሙት ነገር ነው፤ እኔ ግን ስለ ጆሮአቸው ከእሳቸው በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለመሥራት ወሰንሁ። ነርስዋ ከሥራ ነፃ በሆነችበት እሑድ ሄጄ «ሲስተር፣ ካላስቸገርሁዎት የእኛን ሙዚቃ ከእርስዎ መኝታ ቤት ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ» አልኳት። ሣቀችና አስገባችኝ። ባለቤቴ ከቤታችን ሆና ቁልፉን እንድታዞር በስልክ ነገርኋት። አባቴ እንደሚያደርጉት እስከ ጫፍ አደረሰችው።

የሰማሁትን በትክክል ልግለጽ። ዘፈን አልነበረም። ቃል የለበትም፤ ዜማ የለበትም፤ የጥላሁን ድምፅ የለበትም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል፣ ከግድግዳው ይልቅ ከአልጋው እግር የሚመጣ የሚመስል ድብደባ ብቻ ነበር። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን ያሳልፋል። ሥጋውን እኛ ስንበላ አጥንቱን ለጎረቤት ስንወረውር ኖረናል ማለት ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ነርስዋ የምትሰማው እኛ የምንሰማውን፣ ግን ቀነስ ያለውን፣ ይመስለኝ ነበር። በልቤም «ጥላሁንን የሚጠላ ሰው አለ ወይ?» ያልሁበት ጊዜ አለ። እርስዋ ግን ጥላሁንን በዚያ ግድግዳ ሰምታው አታውቅም።

እዚህ ላይ፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻውን ልክን ሊያውቅ አይችልም ለማለት እደፍራለሁ። የልቡ ክፋት አይደለም፤ የቆመበት ስፍራ አያሳየውም። ጆሮውም አያግዘውም፤ የድምፅ ኃይል 10 እጥፍ ሲያድግ ጆሮ የሚቀበለው በግምት 2 እጥፍ ያደገ አድርጎ ነውና፣ «ጥቂት ብቻ ጨመርሁ» የሚል ሰው በእውነት ጥቂት የጨመረ ይመስለዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1225 ባለንብረት የሆነ ሰው ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሰድ ሲከለክል፣ በቁጥር ይህን ያህል ብሎ አልወሰነም። ይህን ቀድሞ እንደ ጉድለት አየው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ስለ መከረ፣ ሕጉም እንዲሁ ቁጥር ቢሰጠን ክርክር ባልኖረ እል ነበር። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ ለዳኛም ይረዳል። ነገር ግን ቁጥሩን የጨበጠ ሰው የጎረቤቱን በር ሳያንኳካ ሊቀር ይችላል።

ስለ መፍትሔው ብዙ አልልም፤ ነገሩ ቀላል ነበር። ስፒከሩ ተጠግቶ የነበረው በጋራው ግድግዳ ላይ ነበርና ወደ ሌላው ወገን አዞርነው። ከአባቴ ወንበር 3 ሜትር ይርቅ የነበረውን ወደ አንድ ሜትር ተኩል አቅርበን በቀኝ ጆሮአቸው በኩል አደረግነው፤ ርቀት በግማሽ ሲቀነስ፣ ገላጣ በሆነ ስፍራ፣ 6 ዴሲቤል ያህል ይገኛልና ቁልፉን ዝቅ ስናደርገው አልጎደለባቸውም። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አነጠፍንለት። ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰን ቀጭኑን ጨመርነው፤ ይህም ለአባቴ ቃሉ እንዲለይላቸው ረዳ። ከዚያም ባለቤቴ በጥፍር ቀለምዋ በቁልፉ ዙሪያ ሁለት ቀይ ነጥብ አደረገች። ታችኛው ነርስዋ ለምትተኛባቸው ቀኖች፣ ላይኛው ለሌላው ጊዜ ነው። የሥራ ተራዋንም በወረቀት ጽፋ ሰጥታን በራችን ላይ ለጥፈነዋል።

ለአባቴ ውሸቴን የነገርኋቸው በዚያው እሑድ ነው። ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሣቁና «ዕድሜዬን በሙሉ ከመኪና ጋር ኖሬ፣ ስፒከር በምን እንደሚቃጠል አንተ ልትነግረኝ!» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» ብላቸው፣ «ቤቱ ያንተ ነው ብዬ» አሉኝ። ይህ ቃል ከነርስዋ ቀይ ዓይኖች ይልቅ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቤቱ የእኔ ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው ልክ የሚለካው በእኔ ጆሮ ነው ብለው ያን ያህል ቀን ያልሰሙትን ሰማሁ ብለዋልና።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በገናው ነው። ወፍራሙ ድምፅ ከተቀነሰ በገና በገና አይሆንም፤ ካልተቀነሰም በቀጥታ ወደ ነርስዋ አልጋ ይገባል። ይህን ባማከርናት ጊዜ «እኔ ማታ 12 ሰዓት ላይ ለሥራ ስለምወጣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ልባቸው ይስሙ» አለችን። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ከ11 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የአባቴ ሆነ።

ባለፈው ጾም በአንድ ቀን፣ በገናው ሞልቶ ሲሰማ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ደንግጬ ቁልፉን እስከ ታችኛው ነጥብ አወረድሁት። አባቴ «በገናው ጠፋ» አሉ። ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ። ወጥቼ በርዋን ብመታ ነርስዋ የሥራ ልብስዋን ለብሳ፣ ብርጭቆ ይዛ ከፈተችልኝ። «ምነው ዝቅ አደረጋችሁት? እኔ ያንኳኳሁት ስኳር አልቆብኝ ነው» አለች። ስኳሩን ሰጥቻት ተመለስሁና ቁልፉን ወደ ላይኛው ነጥብ መለስሁት።